እማ ያሸተተችው ዘይት

ለወንድሜ ለሙሐመድሸሪፍ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። ጅማ እንዴት ይዛሃለች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ይህን የጻፍኩት ራሴ ሳሊህ ነኝ፤ የማታ ትምህርቴን ጨርሻለሁ።

በሞጣ ገበያ ፊቱ የሚያበራ ሰው ሁሉ የሚያበራው በእኔ ቅባት ነው። እሺ፣ ግማሹን ፀሐይዋ ረድታኛለች። የጥቁር አዝሙድ ዘይትና የጠጅ ሳር ዘይት እሸጣለሁ፤ ከቢቸና ድረስ እየመጡ ይገዙኛል።

እንደምታውቀው፣ እማ በእጇ ጀርባ ቀብታ ካላሸተተችው አንድም ጠርሙስ ከቤት አይወጣም። ባለፈው ሳምንት የጠጅ ሳሩን አሸተተችና “ጥቁር አዝሙዱ ጥሩ ወጥቶልሃል” አለችኝ።

“አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽኝ?” አልኳት።

“እኔ? መቼ?” ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ከዚያ “ሙሐመድሸሪፍን አላህ ይጠብቅልኝ” ብላ መረቀችህ።

ለአረፋ እመጣለሁ ብለህ ነበር። አረፋ ገና ነው፤ አሁን መንገዱም ደርቋልና ቀደም ብለህ ብትመጣ ጥሩ ነው። ጠርሙሶቹን ዛሬም ለእማ አቀርብላታለሁ፤ እሷ ዞር ካለች በኋላ ግን እኔም ደግሜ አሸታቸዋለሁ።

አላህ በጤና ያገናኘን። ወንድምህ ሳሊህ፣ ከሞጣ።

መምህራችን ያልሆነ ነገር አትጻፉ ብሎናልና አንዷን ልንገርህ፦ እማ የመረቀችህ “ያን ልጅ አላህ ይጠብቅልኝ” ብላ ነው። ስምህን ያስገባሁት እኔ ነኝ።