አማ ሲዩ ያላሠሩት ጣሪያ

ውድ አማ ሲዩ፣

"ጤናዎ እንዴት ነው" ብዬ ልጀምር አልኩና ብዕሩን መልሼ አስቀመጥኩት። ከሞቱ አምስት ወር ለሆነዎት ሰው እንዲህ ብዬ ብጽፍ፣ አውቅዎታለሁ፣ ሆድዎን ይዘው ነው የሚስቁብኝ። ስለዚህ ሰላምታውን ልዝለለውና ወደ ነገሬ ልግባ። ዋሽቼዎታለሁ። የዛሬ አራት ዓመት ደረጃው ላይ ቆሜ የተናገርኩት ነገር ውሸት ነበር፤ ውሸት መሆኑንም ስናገረው አውቅ ነበር። መጥቼ ላርመው እችል ነበር። አሁን ካለሁበት ከታኦዩዋን እርስዎ ዘንድ ጂሎንግ በባቡር አንድ ሰዓት ከምናምን ቢሆን ነው። አልመጣሁም።

እኔ ያቺ ነዝናዛዋ ነኝ፤ ፔይወን፣ ከዓሣ ሾርባ ቤትዎ በላይ ያለውን የመጨረሻ ፎቅ ከባሌ ከጂሃንግ ጋር ተከራይቼ የነበርኩት። መጀመሪያ ላይ እንዴት እንደነበርን መቼም አይረሱትም። ከሥራ ስመለስ "ነይ እስቲ የቢሮ እመቤት፣ አጥንትሽ ወጥቷል" ብለው ሾርባ በጎድጓዳ ሳህን ያስይዙኛል፤ እኔ ደግሞ ማንበብ ስለማይችሉ ከሰፈር ጽሕፈት ቤት የሚመጣልዎትን ወረቀት ሁሉ አነብልዎት ነበር። እንደ ሰፈሩ ሁሉ አማ፣ አያቴ፣ እልዎት ነበር፤ አከራይና ተከራይ መሆናችንን የምናስታውሰው አልፎ አልፎ ነው።

ከዚያ ያ ዝናብ መጣ። ጂሎንግ እንደሁ ሰማይዋ ተቀዶ የተወለደች ከተማ ናት፤ የዚያን ዓመቱ ግን የባሰ ነበር። መኝታ ቤታችን ማፍሰስ ጀመረ። ወርጄ ስነግርዎት ለሾርባው የተወቀጠውን የዓሣ ሊጥ እያድበለበሉ ነበር፤ ቀና እንኳን አላሉም።

"ጂሎንግ ውስጥ የማያፈስ ቤት ካገኘሽ ለእኔም ንገሪኝ፣ አብረን እንከራየዋለን" አሉኝ።

ደንበኞችዎ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ቀልደው ግን አልተዉትም። በማግስቱ ግንበኛውን ጋሼ ቱንግን ይዘው መጡ። ጣሪያው ላይ ወጣ፣ ለካ፣ የሦስት ቀን ሥራ ነው አለ፤ ለቀጣዩ ሰኞ ተቀጠረ። እኔ ለጂሃንግ "አከራይ ማለት እንዲህ ነው" ብዬ ፎከርኩ።

ሰኞ ጋሼ ቱንግ አልመጣም። በዚያው ሳምንት እኔ ነፍሰ ጡር መሆኔን አወቅሁ።

ስድስት ዓመት ስንጠብቀው የነበረ ልጅ ነው። የነገርኩት ለጂሃንግና ለእናቱ ብቻ ነበር። አማቴ በስልክ ደስታዋን ሳትጨርስ ነው ማስፈራራት የጀመረችው። "ሦስት ወር ሳይሞላ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ! አስቀድሞ ከተወራበት ትንሹ ይቀየማል፤ ከተቀየመ ይሄዳል።" እንዲህ ያለውን ነገር አላምንም ባይ ነበርኩ። ስድስት ዓመት ከጠበቁ በኋላ ግን ማን ይዳፈራል? እሺ አልኩ። ከእርስዎም ደበቅሁ። ሰፊ ሹራብ ለበስኩ፣ ጠዋት ጠዋት አፌን ይዤ በደረጃው እሮጥ ነበር፤ ከእርስዎ ዓይን ያመለጥኩ መስሎኝ።

ከዚያ ወዲያ ጣሪያው የሞት ሽረት ሆነብኝ። ቀለሙ አብጦ እየተላጠ ነጭ ዱቄት አልጋው ላይ መርገፍ ጀመረ፤ የግድግዳ ነቀርሳ የምንለው እሱ ነው። ማዕዘኑ በሻጋታ ጠቆረ። ይህን አየር ልጄ ሊተነፍሰው ነው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። በየቀኑ እየወረድኩ ጨቀጨቅሁዎት፤ እርስዎም በየቀኑ አንድ ምክንያት ነበረዎት።

"ዝናብ እየዘነበ ሲሚንቶ አይደርቅም፣ ልጄ።"

"ቆይ፣ ቱንግ እኮ ለልጁ ሠርግ ታይቹንግ ሄዷል።"

"አማ፣ ባለፈው ሳምንትም ሠርግ ላይ ነው ብለውኛል! ስንት ጊዜ ነው የሚድረው?"

"ልጁ ቆንጆ ነው፤ ደጋግመው ይድሩታል" አሉና አሁንም ሰው አሳቁብኝ። እኔ ግን ያን ቀን አልሳቅሁም። በኋላ ደግሞ "አዲስ ዓመት ደርሶ ማን ጣሪያ ይከፍታል" መጣ። አዲስ ዓመት አለፈ። "ከመብራት በዓል በኋላ" መጣ።

አንድ ነገር ግን ግራ ይገባኝ ነበር። በሰባ ሦስት ዓመትዎ፣ በዚያ ዶፍ ጣሪያው ላይ ወጥተው ሸራ ዘረጉልን። በገመድ አስረው፣ በጡብ ተጭነው። ጂሃንግ "አማ፣ አራት ሚስማር ብንመታበት ነፋስ አይወስደውም" ብሎ መዶሻ ቢያመጣ ነጥቀውት ወረዱ። መዶሻውን ሁለተኛ አላየነውም። አልጋችንን ከሚያፈሰው በታች ልናነሣው ስንል ደግሞ "እንዳትነኩት!" ብለው ጮኹና፣ አልጋው ባለበት ሆኖ ከላዩ ላስቲክ ወጠሩልን። ለገዛ ቤታቸው ሚስማር ይሰስታሉ አልኩ። ጃጅተዋል አልኩ። ይቅር ይበሉኝ፣ ብዙ ነው ያልኩት።

በመጨረሻ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሾርባ ቤቱ ጢም እንዳለ፣ መሀል ቆሜ ጮህኩ። "ሰዎች፣ የእኚህን ሴትዮ ሾርባ ስትበሉ ቤታቸውንም እዩት! ሰው በላስቲክ ሥር ያሳድራሉ! ቋጣሪ ናቸው፣ ውሸታም ናቸው!" ማንኪያ ሁሉ ቆመ። እርስዎ እጅዎን በሽርጥዎ ጠረጉና ሆዴን ሳይሆን ፊቴን እያዩ፣ "ትንሽ ታገሺኝ፣ ልጄ። በጋው ሲወጣ አሠራዋለሁ። እምልልሻለሁ" አሉኝ። በጋው ሲወጣ! ልጄ የሚወለደው በበጋው መጨረሻ ነው። ተናድጄ ወጣሁ።

በዚያ እሑድ ጂሃንግ ጓደኛውንና ትራፓኖ ይዞ መጣ። ኮርኒሱን በስተው ማጣበቂያ ሊያስገቡበት ነበር። ትራፓኖው ገና ሲጮህ ደረጃውን እንዴት እንደወጡት አላውቅም፤ በሩ ላይ ደረሱ፣ እስከ ክርንዎ የዓሣ ሊጥ እንደተለቀለቁ።

"አቁሙ! በሞቴ፣ አቁሙ!"

"ምን ሆኑ ደግሞ?" አልኩዎት።

አፍዎን ከፈቱ። ዘጉት። እንደገና ከፈቱ። "ራሴን... ራሴን አሞኛል። ድምፅ አልችልም።"

"ይተኙበት እንግዲህ!" አልኩና በሩን ፊትዎ ላይ ዘጋሁት። ከበሩ ውጭ ሆነው ሲያለቅሱ ሰምቼ ነበር። ለማስመሰል ነው ብዬ አለፍኩት። ጂሃንግ አምስት ቀዳዳ በሳ።

በዘጠነኛው ቀን ልጁ ሄደ። አሥራ አንድ ሳምንት ሆኖት ነበር።

ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነበር። ወንበሩን አስጠግቶ፣ ሁለቴ፣ እንደሚገባኝ አድርጎ ነገረኝ። ፅንሱ ገና ከጅምሩ ጤነኛ ሆኖ አልተፈጠረም። ደረጃ ስለወጣሽ አይደለም፣ ስለተናደድሽ አይደለም፣ እርጥበትም አይደለም፤ ማንም ምንም ቢያደርግ አይኖርም ነበር። ሰማሁት። ገባኝ። ያንን ይዤ ነው በባሌ ተደግፌ ወደ ቤት የመጣሁት።

እርስዎ ደረጃው ላይ ቆመው ነበር። በሁለት እጅዎ ድስት ይዘው፤ ዶሮ በሰሊጥ ዘይትና በዝንጅብል። እኛ ዘንድ ይህ የአራስ ምግብ ነው፤ ያስወረዳትም እንደ አራስ ትበላዋለች። ማንም ሳይነግርዎት ያንን ሠርተው ሲጠብቁኝ፣ ያን ጊዜ ነበር ሁሉም ነገር ሊገባኝ የሚገባው። አልገባኝም። የታየኝ ድስት የያዘች ሴትዮና ከኋላዋ የረጠበ ግድግዳ ብቻ ነው። የምጠላው ሰው ፈለግሁ፤ እርስዎ ደግሞ ቅርብ ነበሩ።

"አንቺ ነሽ የገደልሽው" አልኩዎት። አንቺ ብዬ፣ እናቴን ለሚያክሉ ሰው። "ይሄ የበሰበሰ ቤትሽ ነው ልጄን የገደለው። በጊዜው ብታሠሪው ኖሮ ልጄ ይኖር ነበር። ሐኪሙ ራሱ ነው ያለው።"

ሐኪሙ ራሱ ነው ያለው አልኩ። ጂሃንግ አጠገቤ ነበር፤ እሱም ሐኪሙን ሰምቶታል። ቀና ብሎ አየኝና ቁልፉን ከኪሱ ማውጣት ጀመረ።

ሊመልሱልኝ ይችሉ ነበር። "እኔ አቁሙ አላልኩም? ኮርኒሱን የበሳው ማን ነው?" ቢሉኝ እዚያው በሞትኩ። አላሉም። ራስዎን ነቀነቁ። "አዎ ልጄ። የእኔ ጥፋት ነው" አሉ። ድስቱን ደረጃው ላይ አስቀመጡ። "ሾርባውን ግን ብዪው። ሳይቀዘቅዝ።"

አልበላሁትም። በወሩ ቤቱን ለቀን ታኦዩዋን ገባን። ስወጣ ሳልሰናበትዎት ወጣሁ።

አማ፣ የዛሬ ሳምንት የመታጠቢያ ቤታችን ቧንቧ ፈነዳ። አዲሱ አከራያችን ፈጣን ነው፤ ጠዋት ደወልኩለት፣ ከሰዓት ሰው ላከ። በሩን ስከፍት ጋሼ ቱንግ ነው። አርጅቷል፤ ታኦዩዋን ልጁ ዘንድ ገብቶ ትንንሽ ሥራ ይሠራል። ወዲያው ለየኝ።

"የአማ ሲዩ ተከራይ! ልጁ ትልቅ ሆኗል አይደል!" አለኝ።

ግድግዳውን ተደገፍኩ። "የምን ልጅ?"

"ያኔ አርግዘሽ አልነበር እንዴ? ሥራ ልጀምር ያልኩ ሰኞ ዕለት እኮ ከነዕቃዬ በር ላይ መለሱኝ። 'ቱንግ፣ ላይ ቤት ሆድ አለ። የዓሣ ሽታ ሲያቅለሸልሻት አየኋት። ልጁ ተወልዶ ወር ሳይሞላው እዚህ ቤት ሚስማር የሚመታ እጁን እቆርጠዋለሁ' አሉኝ። ለጣሪያው የተገዛውን ቅብና ሰድር ከደረጃው ሥር አስቆለሉኝ። ለልጅቷ ንገሯት እንጂ ብላቸው፣ 'አብደሃል? ሦስት ወር ሳይሞላ ማን ስሙን ያነሣል! እሷ ራሷ ስትነግረኝ እነግራታለሁ' አሉኝ። ሾርባውን እንኳ እንዳይሸትሽ ጠዋት ጠዋት ዓሣውን ጎረቤት ቤት ሄደው ነበር የሚወቅጡት።"

እርስዎ የፅንሱ ጠባቂ መንፈስ በቤቱ ውስጥ ከአልጋ ወደ ግድግዳ፣ ከግድግዳ ወደ በር እንደሚዞር የሚያምኑ ሰው ነዎት፤ የተቀመጠበትን የነካ ልጁን ነካ ማለት ነው። እኔም ይህን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ግን ማርገዜን አያውቁም ብዬ ስለነበር አንድም ቀን በልቤ ውል አላለም። እኔ ለልጁ ብዬ ያሠሩ እላለሁ፣ እርስዎ ለልጁ ብለው አላሠራም ይላሉ። ሁለታችንም ስሙን አናነሣም። አንድ ቃል፣ አማ። አንዳችን አንድ ቃል ብንተነፍስ!

"ልጁ አልተወለደም" አልኩት። ጋሼ ቱንግ መፍቻውን አስቀመጠና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። "እንግዲያው ያ ነዋ" አለ። "ላይ ቤቱን ሁለተኛ አላከራዩትም። ቅቡም እዚያው እንደተቆለለ ደረቀ፤ ላሠራው ስላቸው 'አሁን ለማን?' ይሉኛል። በየዓመቱ የሙታን ቀን ሲደርስ ደግሞ ከወደቡ በላይ ወዳለው ቤተ መቅደስ በሞተር የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ። 'አንድ ሕፃን አለኝ' ይሉኝ ነበር። የዘመድ ልጅ መስሎኝ።"

ከዚያ ነው መሞትዎን የነገረኝ።

በማግስቱ ጂሎንግ ወዳለው ቤተ መቅደስ ሄድኩ። ያንን ሁሉ ደረጃ ወጥተው ነበር፣ በዚያ ጉልበትዎ? ሳይወለዱ የሞቱ ሕፃናት የሚታሰቡበትን መዝገብ የምትይዘዋን ሴት ስምዎን ስነግራት ፊቷ ፈካ። ገጹን አወጣችልኝ። "ከፎቄ ላይ የነበረው ሕፃን" ይላል። ከሥሩ "አያት፦ ሊን ሲዩ"። እናት የሚለው ባዶ ነው። "የእናቲቱን ስም ስጠይቃት፣ 'ተዪው፣ ስትመጣ ራሷ ትሞላዋለች' አለችኝ" አለች ሴትዮዋ። "ጨዋታ ትወዳለች፣ ሁላችንንም ታስቀን ነበር። ለሕፃኑ ልትጸልይ ስትቆም ግን ሌላ ሰው ናት። 'ቤቴ ገደለህ፣ አፌን ዘግቼ አስገደልኩህ' እያለች ይቅርታ ትጠይቀው ነበር። ዘንድሮም፣ አሟት ሳለ፣ መጥታለች።"

ዘንድሮም። እኔ በንዴት የወረወርኩትን ውሸት እርስዎ አንሥተው እስከ መቃብር ተሸከሙት።

ብዕር ተቀብዬ እናት በሚለው ፊት ስሜን ጻፍኩ። የእርስዎን እንዳለ ተውኩት። አያቱ ነዎት። እኔና ጂሃንግ በአራት ዓመት አንድ ቀን ስለ እሱ አውርተን አናውቅም፤ ከእርስዎ በቀር ያለቀሰለት ሰው የለም።

አማ፣ ቤትዎ አልገደለውም። ዝምታዎም አልገደለውም። የጂሃንግም ትራፓኖ አይደለም። ሐኪሙ ይህን ሲነግረኝ ከእርስዎ ደረጃ አሥር ደቂቃ በማይርቅ ቦታ ነበርኩ፤ ይዤልዎት መምጣት የነበረብኝ እሱን ነበር። ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ በሕይወት ሳሉ ያላልኩትን አሁን ብል ለራሴ እንጂ ለእርስዎ አይሆንም። በየዓመቱ ግን በሙታን ቀን ያንን ደረጃ እወጣለሁ፤ እርስዎም ልጁም የሚያስታውሳችሁ አንድ ሰው አላችሁ።

የልጁ እናት፣
ፔይወን