ልጅ በሌለበት ስለተመረጠው ባለመብራት መጫወቻ

ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
ዳንግላ

ለዞኑ ትምህርት መምሪያ ኃላፊ
እንጅባራ

ጉዳዩ፦ የባለመብራት መጫወቻው ሥርጭት እንዲቆምና የተሰጠኝ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰረዝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች በቀርከሃ ሜዳ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል መምህርት ነኝ። እጃቸው አላርፍ የሚላቸውና ያገኙትን የሚያኝኩ ልጆች እየነካኩ ትምህርት የሚከታተሉበት የእጅ መጫወቻ ባለፈው ዓመት በራሴ ሠርቻለሁ። እንጅባራ ካሉ የቀርከሃ ሠራተኞች ወፋፍራም ቀለበት አስቆርጬ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ ቀለም ሳልቀባ በሱፍ ክር ሰካኋቸው። ክሩ አንገት ላይ እንዳይጠመጠም ከአንድ ስንዝር አላስረዘምኩትም። ሶፍት በሚጠቀለልበት ካርቶን ቀዳዳ የሚያልፍ ቀለበት ካገኘሁ እጥለዋለሁ፤ እንዲያ ያነሰ ነገር የሕጻን ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላልና።

2. ያለምወርቅ የምትባል የሰባት ዓመት ተማሪ አለችኝ። የቤቷ ቋንቋ አዊኛ ነው፤ አማርኛው ሲከብዳት የዩኒፎርሟን ኮሌታ ታኝክ ነበር። ቀለበቶቹን ከያዘች በኋላ ኮሌታዋ ደረቀ፤ ዓይኗም ከሰሌዳው አልነቀል አለ።

3. በጥቅምት ወር የጉድኝት ትምህርት ቤቶቻችን ኮሚቴ ለዘጠኝ ትምህርት ቤቶች የሚገዛውን መጫወቻ ሲመርጥ የእኔና የባልደረባዬ የመምህርት ዘውድነሽ ወገኔ ቀረበ። የእሷ ከባሕር ዳር ያመጣችው የሚሽከረከርና የሚያበራ ፕላስቲክ ነበር። አዳራሹ ውስጥ አንድም ልጅ አልነበረም። ሰብሳቢው አሽከርክረውት «ኧረ ይሄስ እኔንም ስብሰባውን አስረሳኝ!» አሉ፤ ተሳቀ፣ ተጨበጨበ። የእኔን አንድ የኮሚቴ አባል አንሥተው «ይሄ የፈረስ ጌጥ ነው እንዴ?» አሉ። ስብሰባ የሚያስረሳ መጫወቻ ትምህርትም እንደሚያስረሳ፣ ጠቃሚው እጅን ይዞ ዓይንን የሚለቅ እንደሆነ ለማስረዳት እጄን ባወጣም ዕድል ሳይሰጠኝ የዘውድነሽ ተመረጠ።

4. ከዚያ ወዲህ መጫወቻው በቅድሚያ ለእኛ ትምህርት ቤት ታደለ፤ ዘውድነሽ የምስክር ወረቀት ተሰጣት፤ ፎቶዋ በትምህርት ቤቱ ቴሌግራም ወጣ፤ እኔ ስጠብቀው የነበረው ሥልጠናም ለእሷ ሆነ። ኮሌጅ ሳለን በአንድ ክፍል ኪራይ አብረን ኖረናል። ያለምወርቅ እንኳ በዕረፍት ሰዓት ወደ እሷ ክፍል ስትሮጥ በመስኮት አይቻለሁ። ቀንቻለሁ፤ ከክቡርነትዎ አልደብቅም። ያ መብራት በተበላሸ ብዬም ተመኝቻለሁ።

5. ኅዳር 9 ቀን በዕረፍት ሰዓት ያለምወርቅ ባለመብራቱን ስታኝክ ክዳኑ ተከፍቶ ትንሽ ክብ ባትሪ አፏ ውስጥ ወደቀ። «ትፊው!» ብዬ ጮህኩ። ደንግጣ ምላሷን ስታወጣ ባትሪው ላዩ ላይ ነበር፤ አነሣሁት። እንዲህ ያለ ባትሪ ከተዋጠና ጉሮሮ ውስጥ ከቀረ በሁለት ሰዓት ጊዜ ሥጋ ሊያቃጥል እንደሚችል የጤና ባለሙያ አስረድተውኛል። ክዳኑ ብሎን የለውም፤ በጥፍር ይከፈታል።

6. ርዕሰ መምህሩ አቶ እንግዳው ግን በመምህራን ፊት «አንቺ ልጅ፣ የሚያቃጥልሽ ቅናቱ ነው እንጂ ባትሪው አይደለም» አሉኝ። ዘውድነሽም «ዮርዲ ሙች፣ ራስሽ ፈልቅቀሽው ነው» አለች። በማግስቱ «የትምህርት ቤቱን ንብረት ሆን ብላ አበላሽታለች» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ አምኜ እንድፈርምበትም ተጠየቅሁ። ልጅቷን የጠየቃት የለም። መቅናቴን አምናለሁ፤ መጫወቻውን ግን አልከፈትኩም።

7. ስለዚህ መጫወቻው ለቀሩት ስምንት ትምህርት ቤቶች ከመታደሉ በፊት እንዲታገድ፣ የእኛም እንዲሰበሰብ፣ ማስጠንቀቂያውም ከማኅደሬ እንዲወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ምርጫውም እንደገና ይደረግ። ባትሪ የሌላቸውና የልጅ ጉሮሮ የማይዘጉ መጫወቻዎች ብቻ ይቅረቡ፤ ለአንድ ሳምንትም በልጆቹ እጅ ይቆዩ። ክፍሉን ሁለታችንንም የማታውቅ መምህርት ትያዘው፤ እኔም ዘውድነሽም በር ላይ እንኳ አንቁም። ዘውድነሽ የምታቀርበው ካሸነፈ ቅናቴ ይብስብኝ ይሆናል፤ ውጤቱን ግን እቀበላለሁ። ያላደረግሁትን አድርጌያለሁ ብዬ ግን፣ ከሥራዬም ብነሣ፣ አልፈርምም።

ፍትሕ ከሚጠብቅ ሰው ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
መምህርት ዮርዳኖስ ቢሻው

ግልባጭ፦
ለአቶ እንግዳው፣ ርዕሰ መምህር
ለመምህርት ዘውድነሽ ወገኔ (ከጀርባዬ ጻፈች እንዳትል በገዛ እጄ የሰጠኋት)