አስካለ ላይ ያሳቅሁበት ሳምንት

ሰኞ

ሳቁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። የመጀመሪያው ሳቂ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ይህን ማንም ላይ ላላክከው አልችልም።

የትምህርት ቤታችን አዛዥ፣ ጣሊያኑ ሲኞሬ፣ ጠዋት እንግዶች አስከትሎ ሳላስበው ክፍሌ ገባ። ልጆቹ እንደ ታዘዙት ተነስተው እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፣ ተቀመጡ። «የአማርኛ ንባብ አሳየን» አለኝ። ማንን ላስነሳ ብዬ ስቁነጠነጥ ዓይኔ አስካለ ላይ አረፈ። በቅርቡ ከየኔታ ዘንድ የመጣች ልጅ ናት። ከየኔታ የሚመጡልን ልጆች ረፋድ ላይ የሚታደለውን ፉርኖ ዳቦ ብለው እንጂ ትምህርታችንን ብለው አይደለም፤ እኔም አውቃለሁ፣ ሲኞሬም ያውቃል። ቢሆንም የየኔታ ልጅ ንባብ አያቅታትም ብዬ አስነሳኋት።

መጽሐፉን ሰጠኋት። ተቀበለች፣ አየችው፣ ከዚያ ቀስ ብላ ገለበጠችው። ራሱን ወደ ታች፣ ግርጌውን ወደ ላይ። አፏን ልትከፍት ስትል ከእንግዶቹ አንዱ ፈገግ አለ። ፈራሁ። እኔ ያስተማርኳት አይደለችም ለማለት ቸኩዬ፣ «ይቺ ከቄስ ትምህርት ቤት የመጣች ናት። እዚያ ሽምደዳ እንጂ ንባብ የለም። መጽሐፍ በየት በኩል እንደሚያዝ እንኳ አላሳዩአትም» አልኩና ሳቅሁ። ክፍሉ ተከተለኝ። መጽሐፉን ከእጇ ነጥቄ፣ አቅንቼ መለስኩላት። አንድ ቃል አልወጣትም።

ሲኞሬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ብራቮ» አለኝ። ደስ አለኝ። ይህንንም ልጻፈው፤ ለአፍታ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሲለቀቁ ልጆቹ «ግልብጥ! ግልብጥ!» እያሉ እስከ ልደታ ማርያም ቅጥር ድረስ ተከተሏት። በመስኮት አየሁ። አልወጣሁም።

ማክሰኞ

አስካለ አልመጣችም። ዳቦዋን ሌላ ልጅ በላው።

ባለቤቴ ዘነበች ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ወሬውን ይዛ ተመለሰች። «የየኔታ ልጆች መጽሐፍ መያዝ እንኳ አያውቁም ያልከው አንተ ነህ አሉ?»

«እንዲያ ማለቴ ሳይሆን…»

«አንተንስ ማን አስተማረህ?» አለችኝና መልሴን ሳትጠብቅ ጓዳ ገባች።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ትናንት አንድ ክፍል ውስጥ የተናገርኩት ዛሬ ከልደታ አልፎ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ገብቷል። ወላጆች ልጆቻቸውን ከየኔታ እያስወጡ ነው አሉ። ከእኔ ቃል የተነሳ! የኔ ቃል ሚዛን የሚደፋ አይመስለኝም ነበር፤ ለክፋት ሲሆን ግን ደፋ።

የኔታ ናቸው ያስተማሩኝ። አባቴ እጄን ይዞ ሲወስደኝ ጥርሴ ገና እየተነቀለ ነበር። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ሲባል እሰማ ነበር፤ መልኩ እንዲህ ነው ለካ።

ረቡዕ

ዛሬም የለችም። ክፍሉን ቶሎ ለቅቄ ጠመንጃ ያዥ ወረድኩ፣ እናቷ ቤት።

እትዬ ወርቄ ጥጥ ፈትለው የሚያድሩ ሴት ናቸው። ባላቸው በዚያ በክፉው የካቲት፣ በፍጅቱ ጊዜ፣ እንደወጡ ቀሩ። ሲያዩኝ ከመደቡ ተነስተው ቦታውን ጠርገው «መምህር፣ ይቀመጡ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«በእርስዎ አልከፋሁም» አሉኝ። «እርስዎማ እውነቱን ነገሩኝ። ይህን ያህል ጊዜ ትማራለች ብዬ ጾሜን ሳድር፣ ለካ ልጄ ምንም አላወቀች። የኔታም አታለሉኝ። እንግዲህ ይብቃት። የፊታችን ሰኞ ሰው ቤት ትገባለች፤ ዕቃ ታጥባለች፣ ቢያንስ ሆዷ ይሞላል።»

አስካለ ጥግ ላይ ጀርባዋን ሰጥታን ጥጥ ትፈለቅቃለች። አልዞረችም። ጣቶቿ ብቻ ፍሬውን ከጥጡ እየለዩ ቶሎ ቶሎ ይሄዳሉ።

«ትንሽ ይታገሱ፣ እኔ አስጠናታለሁ» አልኩ። እንዴት ያለ ንግግር ነው! ቁስሉን አድርሼ ጨርቅ አቀባይ ልሆን።

«እግዜር ይስጥልኝ። ግን ልጅቷ ራሷ እምቢ ብላለች» አሉ። የቀረበልኝን ጠላ ሳልቀምስ ወጣሁ።

ሐሙስ

የኔታ ዘንድ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ጥፋቱን ከእሳቸው ላይ ላገኝ ነበር። በእርግጥ ሽምደዳ ብቻ ከሆነ እኔ ግማሽ ጥፋተኛ ነኝ ብዬ። ሰው ራሱን ሲያታልል እንዴት ይጎብዛል!

ከልደታ ቅጥር ጥግ፣ ከወይራው ሥር ናቸው። ያ ሁሉ ልጅ የት ገባ? የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መሬት ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ መሃላቸው አንድ የብራና መጽሐፍ በዝቅተኛ አትሮንስ ላይ ተዘርግቷል። በዚያው የካቲት የየኔታ ቤት ሲቃጠል ከእሳት የተረፈው እሱ ብቻ ነው። አንዱ ልጅ ከፊት ለፊት ያነባል፤ ሌላው ከቀኝ ጎን አንገቱን ሳያዘነብል ያነባል፤ ሌላዋ ከግራ። መጽሐፉ አይዞርም። ሁሉም ከተቀመጠበት ነው የሚያነበው።

ከመጽሐፉ ራስጌ በኩል ያለው ቦታ ባዶ ነበር።

«እዚያ ማን ነበር?» አልኩት ትንሹን ልጅ።

«አስካለ ናት። ከሁላችንም እሷ ትፈጥናለች።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! ልጅቷ ፊደል የለመደችው ከራስጌ ነው። ለእሷ የቀናው መጽሐፍ እኛ ግልብጥ የምንለው ነው። ሰኞ ዕለት አመቻችታ ልታነብልኝ ነበር የገለበጠችው። እኔ ደግሞ ከዚሁ ወይራ ሥር ያደግሁ ሰው ይህን እንዴት ሳልጠረጥር ቀረሁ? መልሱን ስለማውቀው ነው ያፈርኩት። በእኛ ጊዜ መጽሐፉ የአባቴ ስጦታ ነበር፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ፊት ለፊቱ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ከጎንና ከራስጌ የተቀመጡት እንዴት እንደሚያነቡ አንድ ቀን ዞር ብዬ አላየሁም።

የኔታ «ደኅና ነህ ልጄ? ምነው ጠፋህ?» አሉኝ። ውሃ ጠየቅሁ፣ ጠጣሁ፣ ሥራ አለብኝ ብዬ ሄድኩ። ፈሪ።

ዓርብ

ሲኞሬ አስጠራኝ። ወሬው ደርሶት ፊቱ ፈክቷል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለወላጆቹ እንድናገር አዘዘኝ፦ የቄሱ ትምህርት ቤት ከእንግዲህ እንደማይጠቅም፣ ልጆቹ ሁሉ ወደኛ እንዲመጡ። «አንተ የእሱ ተማሪ ነበርክ። አንተን ያምኑሃል» አለኝ።

«ሲ፣ ሲኞሬ» አልኩ። ምላሴ ከእኔ ይቀድማል።

የሚያስጨንቀኝ፦
ዘነበች ነፍሰ ጡር ናት።
ሌላ ሥራ የለኝም፤ በዚህ ዘመን ከሥራ የተባረረ ሰው በጥሩ ዓይን አይታይም።
የኔታ በእርጅናቸው ወይራው ሥር ብቻቸውን ሊቀመጡ ነው።
አስካለ ሰኞ ሰው ቤት ትገባለች። ማንበብ እየቻለች፣ አትችልም ተብላ። እሷም ራሷ አልችልም ብላ ሳታምን አልቀረችም።

የመጨረሻውን ስጽፍ እጄ ቆመ።

ቅዳሜ

ለየኔታ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጉልበታቸውን ስሜ፣ ቀና ሳልል ተናገርኩ።

«ሰምቻለሁ» አሉ። «ሐሙስ የመጣኸው ይህንኑ ልትነግረኝ መስሎኝ ነበር። ውሃ ጠጥተህ ሄድክ።»

ከዚያ ያዘጋጀሁትን ብልሃት አቀረብኩ፦ ነገ አስካለን አምጥተን፣ በሕዝብ ፊት በራሷ አያያዝ እንድታነብ፣ ሁሉም አይቶ እንዲያምን።

ቆጣ አሉ። «ያጠፋኸው አንተ፣ የምትፈተነው እሷ? ልጅቱ ምስክር ናት እንዴ ዳኛ ፊት የምታቆማት? አንዴ አቁመሃታል፤ ይበቃል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ የኔታ?»

መጽሐፉን በነጠላቸው ጠቅልለው ሰጡኝ። «እሷ ከተቀመጠችበት አንተ ተቀመጥ» አሉኝ።

ለዘነበች ነገርኳት። ሆዷን አሻሸች። «ልጃችን አባቴ ምን ነበር ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልስለት ይኑረኝ» አለች። በዚሁ እንደ ተስማማች ቆጠርኩት።

እሑድ

ቅዳሴ እንዳለቀ ሰው ከደጀ ሰላሙ ፊት ተሰበሰበ። የሲኞሬ አስተርጓሚ መሃል ቆሟል። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። እትዬ ወርቄን ፈለግሁ፤ ከበስተኋላዬ ነበሩ፣ አስካለ ነጠላቸው ውስጥ ተሸጉጣለች።

«ሰኞ ዕለት ስለ አስካለ የተናገርኩት ሐሰት ነው» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ማንበብ የማታውቅ እሷ አይደለችም፤ ማየት የማላውቅ እኔ ነኝ።» ከራስጌ ተቀምጦ መማር ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። ከፊታቸው እንዳየሁት ብዙም አልገባቸውም። ስለዚህ መሬት ተቀመጥኩ፣ መጽሐፉን በቃሌ ከማላውቀው ገጽ ገለጥኩ፣ ገልብጬ ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት፣ ማንበብ ጀመርኩ።

ጀመርኩ ማለት ይከብዳል። የመጀመሪያውን ቃል እንደ አንካሳ በቅሎ ወጣሁት። ሁለተኛው ላይ ተያዝኩ። አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላው። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር እንደ ትናንት ጀማሪ ሲንተባተብ ማን አይስቅም? ላብ አጠመቀኝ። የሰኞዋን ልጅ አሰብኳት፤ እኔ እንኳ ጎልማሳ ነኝ፣ ወድጄ የመጣሁበት ነው፣ መነሳትም እችላለሁ። ሦስተኛውን ቃል ተሳሳትኩ።

ከጀርባዬ ቀጭን ድምፅ አረመኝ።

ሳቁ ቆመ። ዞሬ አላየሁም፤ ቀጠልኩ፣ እንደገና ተሳሳትኩ፣ እንደገና አረመችኝ። ከዚያ እኔን መጠበቁ ሰለቻት መሰለኝ፣ በትከሻዬ ላይ ሆና ገጹን እስከ ታች ድረስ አንበለበለችው። ማንም አላዘዛትም። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር።

«ታነባለች! ልጄ ታነባለች ለካ!» እትዬ ወርቄ እያለቀሱ የየኔታ እግር ላይ ወደቁ።

ተነስቼ አስካለን ይቅርታ ጠየቅኋት። ተመልሳ ነጠላው ውስጥ ገባች። ሴቶቹ «ይቅር በይው በይ፣ መምህርሽ አይደለም?» ይሏታል። የኔታ «ተዋት» አሉ። «ይቅርታው የእሷ ነው፤ ስትፈልግ ትሰጠዋለች።»

ለአስተርጓሚው ሰላምታ ሰጠሁት። «ሌላም እንድናገር የታዘዝኩት ነበር። እሱን ሌላ ሰው ይናገረው» አልኩ። መልስ ሳይሰጠኝ ሄደ።

ሰኞ

ዘበኛው በሩ ላይ መለሰኝ። «ሲኞሬ እንዳትገባ ብለዋል» አለኝ፣ ጥፋቱ የእሱ ይመስል እያቀረቀረ። የሚከተል ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም። ዘነበች ምን እንበላለን አላለችኝም። እያሰበችው እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

ቤት መግባት ፈርቼ በልደታ በኩል ስዞር አስካለ ከፊቴ መጣች። ሰው ቤት አልገባችም።

«የኔታ ልከውኝ ነው» አለች፣ መሬት መሬት እያየች። «ከትናንት ወዲህ ልጆች በዝተዋል፤ ትንንሾቹን ፊደል የሚያስቆጥር የለም። እርስዎ ይምጡ ብለዋል።»

«አንቺስ? ብመጣ ደስ ይልሻል?»

ትንሽ አሰበች። «አይ» አለች። «እኔስ እንዳይመጡ ነበር የፈለግኩት።»

ከዚያ ዞራ ወደ ወይራው መሄድ ጀመረች። እውነቷን ነው። ራቅ ብዬ ከኋላዋ ተከተልኳት። አንድ ጊዜ ዞር ብላ መምጣቴን አየች፤ ተመለስ አላለችኝም።