ኦርኬስትራው አይውጥሽም

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለፋና ደሳለ፣

ከሰላምታው በፊት ክስ አለኝ። የላክሽልኝ የጆሮ ማዳመጫ እየሾለከ ይወድቃል። የላስታን ሰው ጆሮ በአይጥ ጆሮ ለክተሽ ነው የገዛሽው? ጭንቅላቴን በሻሽ ጠምጥሜ ነው ሙዚቃሽን የሰማሁልሽ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ጥርሴን ያመመኝ መስሎት እግዜር ይማርህ ሲለኝ ሰነበተ። ክሴን ጨረስኩ። አሁን እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ጣቶችሽስ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ደህና ነን። ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ ሰዉ ሁሉ እርሻ ላይ ነው።

ለሙዚቃ ትምህርት ቤት መመረቂያሽ ከሁለቱ አንዱን እስከ ሰኞ ምረጪ መባልሽን ጽፈሽልኛል። ልብሽ ፒያኖው ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበት ኮንቸርቶ ላይ ነው፤ አስተማሪሽ ግን ኦርኬስትራው ይውጥሻል፣ ኤቱዶቹን ብቻሽን ተጫወቺ ብለውሻል። እኔ ፒያኖ በዓይኔ አላየሁም። ማሲንቆም ያስተማረኝ ሰው የለም። ቢሆንም የቀረጽሻቸውን ሁለቱንም አሥር አሥር ጊዜ ሰምቻለሁና ዝም አልልም።

ኤቱዱን አልንቅም። ልምምድ ነው ብለሽኝ ነበር፤ እኔ የሰማሁት እሳት ነው። አንዲት ጭንቅ ነገር ይይዝና፣ ጣት እየዘለለ፣ ሦስት ደቂቃ ሳይተነፍስ ይጨርሳታል። የአሸተን ማርያምን ዳገት በሩጫ እንደመውጣት ነው፤ አጃኢብ ያሰኛል። ግን ሲያልቅ ያደነቅሁት ጣትሽን ነው። ጓደኛሽ ዙልፋ የኦርኬስትራውን ድርሻ በሌላ ፒያኖ ይዛልሽ የተጫወታችሁት ኮንቸርቶ ሲያልቅ ደግሞ፣ ጣት እንዳለሽም ረስቼ ነበር።

በጎረምሳነቴ ኩልመስክ ሰርግ ላይ ጣቴን ላሳይ ብዬ ማሲንቆውን አጣደፍኩት። ዘፋኝ አንድ ስንኝ ብሎ ለተቀባዩ ቦታ ይለቃል አይደል? እኔ መቀበያ ነፈግኋቸው። ጭብጨባው ተበተነ፣ እስክስታው ቆመ። ከአጨብጫቢዎቹ አንዷ እትዬ ገለቴ፣ ተቀባዮቹን ገደል ሰደድካቸው፣ በል ወርደህ አምጣቸው አሉኝ። ዝም ብሎ መጠበቅ ከመፍጠን እንደሚከብድ ያን ቀን ገባኝ።

አንቺ ግን መጠበቅ ታውቂያለሽ። ዙልፋ ስትናገር ዝም ትያለሽ፤ ከዚያ ቀስ ብለሽ ትመልሻለሽ። ደግሞ እሷ እጇን አጣጥፋ አንቺ ብቻሽን የምትፈነጥዥበት ቦታ አለ፤ ያ ኤቱድ ካልሆነ ምንድን ነው? ትልቁ ትንሹን በሆዱ ይዞታል። ተቀባይ ዘፋኙን ይሸከመዋል እንጂ መቼ ይውጠዋል? አስተማሪሽን በአክብሮት፣ ጎንበስ ብለሽ፣ እምቢ በያቸው። ከተቆጡ አጎቴ ነው ያለኝ በይ፤ ላሊበላ ድረስ ወጥተው እኔን ይምቱኝ።

አባትሽማ ልጄን በሙዚቃ ያሳትካት አንተ ነህ ብሎኝ፣ ከፋሲካ ወዲህ ደጄን አልረገጠም። ያኩርፍ። እኔም ብሆን አልለምነውም።

ተቀባይሽን ዙልፋን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። አከራያችሁን ወይዘሮ አሰለችን አጎቴ እጅ ነሥቷል በይልኝ። ባለቤቴ ብርቅዬ ምግብ ሳትበይ እንዳትውዪ ትልሻለች። እናትሽም…

ቆይ፣ በሩ ተንኳኳ።

ደሳለ ነው! አባትሽ ከነጭቃው ደጃፉ ላይ ቆሟል። ሰላምም አላለኝ። ልጄ የላከችውን አሰማኝ ነው የሚለው። የቱን ብዬ ጠየቅሁት። እሷ የምትወደውን አለኝ።

በይ፣ ሻሹን ልጠምጥምለት።

አጎትሽ ኪዳን
ላሊበላ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.