ውሃ ያሟሟው ስም

ቅዳሜ፣ ነሐሴ ፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.፤ ንፋስ መውጫ

ትናንት ጣሪያው አፍስሶ የአባቴን ዳዊት አራሰው። አባቴ ራሳቸው በሠሩት ቀለም የጻፉት ሁሉ እንዳለ ነው። በመጨረሻው ቅጠል ላይ እኔ በሱቅ ቀለም ያሰፈርኩት የልጄ ስም ግን ሟሙቶ ሰማያዊ ደመና ሆኗል። በሦስት ዓመቷ በኩፍኝ የሞተችብኝ ናት፤ ስሟ ከዚያ በቀር የትም አልተጻፈም።

ዛሬ እንደ አባቴ ቀለም ልሠራ ብዬ ከድስቶች ቂጥ ጥላሸት ፋቅኩ። ካሳረርኩት ገብስና ከሙጫ ጋር ወቅጬ ማሰሮ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። እስኪብላላ ስድስት ወር ይፈልጋል።

የልጅ ልጄ ሰላም ሳቀችብኝ። «እማማ፣ እስከ የካቲት ማሰሮ ሊጠብቁ ነው? ማርከር ልግዛልዎት።»

«ጥላሸትን ውሃ አያሟሟውም። መምህርሽ ይህን አላስተማሩሽም?»

«ካርቦን ስለሆነ ነዋ!» አለችና እጅጌዋን ሰብስባ ታማስልልኝ ጀመር።

«እስከ የካቲት ባልቆይ አንቺ ትጽፊዋለሽ። ወለተ ሥላሴ ብለሽ።»

ማማሰሏን አቆመች። «ጽሕፈትሽ ዶሮ የጫረው ይመስላል ይሉኝ የለ?»

«ስድስት ወር አለሽ፤ ተለማመጂ።»

ዝናቡ ሲያባራ የልጅነት መምህሬ ድምፅ መጣብኝ። ጨው በብርጭቆ ውሃ አሟሙተው፣ «አይታይም እንጂ አልጠፋም» ይሉን ነበር። ስሟ አሁን የት ድረስ ሄዶ ይሆን እያልኩ ብዙ ተቀመጥኩ። ብራናውን ያደረቅኩበት ነጭ ጨርቅ ጥጉ ሰማያዊ ሆኗል። ሰላም ልታጥበው ስታነሣ ከእጇ ተቀበልኳት።