ያልፈላው በርሜል

ናይሮቢ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1990 ዓ.ም.

የከተማው ጤና ተቆጣጣሪ ሴትዮ ተመልሳ መጣች። ባለፈው ሳምንት ከቤተ ክርስቲያናችን የጠበል በርሜል ውሃ ለምርመራ ስትወስድ፣ «ምዜ» (ሽማግሌው ማለቷ ነው) «ውጤቱ እስኪታወቅ አፍሉት» ብላኝ ነበር። በርሜሉን የምሞላው እኔ ነኝ። «ጠበል አይፈላም» ብዬ መለስኳት።

ዛሬ በርሜሉን አሸገችው። ውሃው ኮሌራ አለበት።

ቄሱ ሰምተው፣ «ጋሽ በቀለ፣ ሳልባርከው በፊት ቢያፈሉት ማን ከለከለዎት?» አሉኝ። ይህን አላሰብኩም ነበር። የሚመክረኝንም ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ሴትዮዋ የጠጡትን ሰዎች ስም ጠየቀችኝ። አንድ በአንድ ነገርኳት። የባለቤቴን ስም መጨረሻ ላይ ተናገርኩ። በየጠዋቱ በእጄ አጠጣታለሁ።

ካሳራኒ ሰፈር ቤታችን ስደርስ ተኝታ አገኘኋት። ወደ ሐኪም ቤት የሚወስዳትን መኪና እየጠበቅኩ ነው የምጽፈው። ከአልጋዋ ላይ ትጣራለች፦

«ሆዴን ቆረጠኝ፤ ያንን ጠበል ትንሽ አቅምሰኝ።»