እንግዳ ሲመጣ የተደፉት ጠርሙሶች

አራዳ፣ የካቲት ፲ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር የበሽታ መመርመሪያው ላቦራቶሪ ዋና ሹም፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይ እግሮችዎ ደህና ናቸው ወይ? እኔ ፒያሳ ላይ ጨርቅ የምሸጠው ሙደሲር ነኝ፤ ትንሿ ልጄ ሀጂራ አተኩሷት ቀኝ እግሯ ከሰለለ ወዲህ ዓይኔ በሰው ሁሉ እግር ላይ እያረፈ ተቸግሬአለሁና፣ መጠየቄን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። አቤቱታዬ የሚከተለው ነው።

፩ኛ/ ልጄን የሚያክሟት ዶክተር ዘርኡ ዓይነ ምድሯን ወደ እርስዎ ሲልኩ፣ ከጦጣ ኩላሊት ተወስደው በጠርሙስ ውስጥ በሕይወት በሚያድጉ ሴሎች ላይ እንደሚጨመር፣ የልጅነት ልምሻ ቫይረስ ካለበት ሴሎቹ እንደሚሞቱ፣ ያን ጊዜም ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ የመከላከያው ጠብታ እንደሚታዘዝ አስረድተውኝ ነበር። የምንጠብቀው ማስረጃ የእነዚያ ሴሎች መሞት ነበር።

፪ኛ/ ውጤቱን ልጠይቅ የመጣሁ ዕለት ላቦራቶሪዎ በእንግዶች ሊጎበኝ ኖሮ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ አበባ ተደርድሯል። እርስዎም በክብር እንግዶች ፊት የሞተ ነገር ማሳየት ነውር ነው ብለው፣ ሴሎቻቸው የረገፉባቸውን ጠርሙሶች አስለቅመው ሲያስደፉ፣ ያማሩትን ብቻ ከፊት ሲያስደረድሩ በዓይኔ በብረቱ አየሁ። የሀጂራ ስም የተለጠፈበትም ከሚደፉት ጋር ሄደ። ኧረ የልጄ ነው ብዬ ብጮህ ዘበኛዎ ክንዴን ይዞ አስወጣኝ። እንግዶቹ ግን እንዴት ደስ አላቸው፣ እሰይ!

፫ኛ/ ቀጥሎ ቫይረስ አልተገኘም የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ደረሰኝ። ከየት ይገኛል! ጠብታውም ቀረ። ዶክተሩ አሁን ሌላ ናሙና ቢላክ እንኳ ጊዜው አልፏልና ላይገኝ ይችላል አሉኝ። ክቡር ሆይ! እንግዳ በመጣ ቁጥር ለማኙን ከቸርችል ጎዳና ማንሳቱን ለምደነው ነበር፤ በሽታን ከጠርሙስ ማንሳት ግን የእርስዎ ፈጠራ ነው።

፬ኛ/ ይህን አራተኛ ነጥብ ለባለቤቴ ለነጂባ ትቼላታለሁ። ሀጂራ መቼ ነው የምሮጠው እያለች ትጠይቃታለችና፣ መልሱን በእርስዎ ማኅተም ይላኩላት።

ቤትዎን እንዲህ አሳምረው ስለያዙልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጠብታውን ግን ዛሬውኑ ይዘዙልን።

ከደጅዎ የተገፈተርኩት፣ በታላቅ ትሕትና እጅ የምነሳ፣
የሀጂራ አባት፣ ሙደሲር አብዱልሃኪም

ከፊርማዬ በኋላ፤ ይህን ጽፌ ሳላሽገው የጎረቤቴ የካሣሁን ልጅ ከተኛበት መነሳት አቅቶት፣ አባቱ አዝሎት ወደ ዶክተር ዘርኡ ሲሮጥ አየሁ። የእሱም ናሙና ይመጣልዎታል። እባክዎን ጠርሙሱን አይድፉት፤ እንግዳ ካለብዎት ብቻ ይንገሩን፣ ልጆቻችንን እኛው እንደብቅልዎታለን።